አባት የራሱን ጫት የተቀበለበት ድራማ

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጭሮ ከተማ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ሰው ስላላስረሳኝ ነው። አንድ ቀን ከገለምሶ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ እኔ መሆኔን ሳታውቅ፣ ታሪኩን ለእኔው ነገረችኝ። በእሷ ወሬ ውስጥ እኔ ድግምተኛ ነበርኩ፤ መጨረሻ ላይም ሞቻለሁ። ስለዚህ በሕይወት እያለሁ እንደነበረው ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ያን ዓመት ተማሪ ሁሉ ድራማ ይማር የሚል መመሪያ መጣ። ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ፣ ለየዕድሜው የተለየ ዕቅድ ወጥቶለት። ማን ያስተምር ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ፣ መምህራኑ በሙሉ ሌላ ሥራ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። ዳይሬክተሩ አቶ ግርማ ወጣት ሰው ነበር። ወደ እኔ መጥቶ መደርደሪያዎቹን አየት አየት አደረገና፣

«እትዬ ጥሩነሽ፣ የተረት መጽሐፍ በሙሉ እርስዎ ዘንድ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ዘንድ ነው።»

«እንግዲያው ድራማውም እርስዎ ዘንድ ይሁን።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ እንጂ መምህር አይደለሁም ብዬ ነገርኩት። «መምህራኑም ድራማ አልተማሩም፤ እኩል ናችሁ» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ እንኳ ከኋላ ቆሜ አፌን ብቻ የማንቀሳቅስ ነበርኩ። ቴአትር የሚባል ነገር ያየሁት ልጆች ለገና መልአክ ሆነው ሲቆሙ ነው፤ እሱም ላይ አንዱ መልአክ ሌላውን በቴስታ መትቶት ሳይጨርሱ ወረዱ። ቢሆንም ታዘዝኩ። ዕቅዱን ለሦስት ከፈልኩት፦ ለትንንሾቹ፣ ለመካከለኞቹና ለትልልቆቹ።

ለትንንሾቹ «እንስሳትን ማስመሰል» አልኩ። ጅብና ፍየል። ከዚህ የሚቀል አይኖርም ብዬ ነበር። ጅብ መሆን የሚፈልግ እጁን ያውጣ ስል ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ፍየል መሆን የሚፈልግስ ስል አንድ ልጅ ሽንት ቤት ልሂድ አለኝ። የጭሮ ልጅ ጅብ የት የት እንደሚዞር ስለሚያውቅ ፍየል ሁን ቢሉት አይሰማም። ክፍለ ጊዜው እንዳይባክን ፍየሏ እኔ ሆንኩ። ለግምገማ የመጣው ሱፐርቫይዘር ከአቶ ግርማ ጋር በሩን ሲከፍት፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ክፍል ሙሉ ጅብ ከቦኝ ይጮህብኛል።

«ምን እየተሠራ ነው?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

አንዷ ጅብ ዞር ብላ፣ «ቲቸርን እየበላን ነው» አለችው።

በግምገማዬ ላይ «ተማሪ ተኮር» ብሎ አሞገሰኝ።

ለመካከለኞቹ፣ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል፣ «ገበያ» አቀድኩ። ግማሹ ሻጭ፣ ግማሹ ገዢ። እነዚህ ማስተማርም አላስፈለጋቸው። ብዙዎቹ የጫት፣ የበርበሬ፣ የከብት ነጋዴ ልጆች ናቸው። ይሳደባሉ፣ ትተው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ መዳፍ ለመዳፍ ይማታሉ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ደወል ሲደወል ግን እስክሪብቶው፣ ቀበቶው፣ የአንዱ ልጅ ጫማ፣ የሌላው የሒሳብ ደብተር ሁሉ ባለቤት ቀይሮ አገኘሁት።

«ድራማው አልቋል። ሁሉም የራሱን ይውሰድ» አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፊት የተቀመጠው ልጅ እያዘነልኝ፣ «ቲቸር፣ እጅ ተመታ'ኮ» አለኝ።

እጅ ከተመታ በኋላ ጨዋታ ነበር የሚባል ነገር የለም ማለቱ ነው። በማግስቱ እናቶች ጫማና ደብተር ፍለጋ መጡ። ከሁሉ የገረመኝ፣ እናቶቹም እጅ መመታቱን ሲሰሙ ለማስመለስ መደራደራቸው ነው፤ መብት አለን ያለ አንድም አልነበረም። ከዚህ አንድ ነገር መማር ነበረብኝ፤ አልተማርኩም።

ትልልቆቹ፣ ስምንተኛ ክፍሎች፣ ጅብም ገበያም አንሆንም አሉ። የፈለጉት ፍቅር ነው። እኔ ደግሞ በፍቅር ላይ የማወጣው ዕቅድ አልነበረኝም። ደግነቱ የዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ይሁን ተብሎ ነበር። እኔም አንድ አጭር ድራማ ጻፍኩላቸው። ሽማግሌዎች ጀማል አብዲ ለሚባል ወጣት አንዲት ተማሪ ሊጠይቁ ወደ አባቷ ቤት ይመጣሉ። በእኛ አካባቢ በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ እንደሚደረገው እስር ጫት አባትየው ፊት ያስቀምጣሉ። አባት ከጫቱ ቀንጥሶ ከቃመ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። ጫቱን ወደ ጠያቂዎቹ ከገፋው አልሰጠም። በእኔ ድራማ አባት ጫቱን ገፍቶ «ልጄ ትማር!» ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። አለቀ።

ልጅቷን ፎዚያ ሆነች። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ ምላሷ የማይቻል ልጅ ነበረች። ዋናው ሽማግሌ ቶፊቅ ሆነ፤ አንድ ጥያቄ ከጠየቅኸው ደወል እስኪደወል የሚመልስ ልጅ ነው። ጀማል ምንም አይናገርም፣ ጥግ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው፤ ከድር የሚባል ልጅ መረጥኩ፤ የመረጥኩትም ኮት ስለነበረው ነው። አባት የሆነውን ልጅ ስም አልጠራም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል።

የቀረው ጫቱ ነው። ሥልጠና ላይ በአካባቢያችሁ የሚገኝ ቁሳቁስ ተጠቀሙ ተብለን ነበር፤ እኛ አካባቢ ደግሞ ከጫት የበለጠ የሚገኝ ነገር የለም። ግን እኔ ጴንጤ ነኝ። ጫት ተራ ቆሜ ብታይ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ሳር እንጠቀም ስላቸው ልጆቹ ሳቁብኝ። ፎዚያ፣ «አባቴ ይሰጠናል» አለች። አባቷ ሙሜ የጫት ነጋዴ ነው። ከመደቡ ምርጡን እስር በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ላከልን።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ሙሜ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ ጥጥ በሙጫ ለጥፈው ጢም አውጥተዋል። እኔ መጋረጃ ካደረግነው አንሶላ ጀርባ ቆሜያለሁ።

አባት የሆነው ልጅ ወጣ፤ ሕዝቡን አየ። ቀጥሎ የሒሳብ መምህሩን አየ። ከዚያ አጥር ዘሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የሄደውም የእኔን ጋቢ እንደለበሰ ነው።

ቶፊቅ ጫቱን ታቅፎ፣ የሚጠይቀው አባት ጠፍቶ መድረኩ ላይ ቀረ። ሌላ ልጅ ቢሆን ያለቅስ ነበር። ቶፊቅ ግን ጢሙን አስተካክሎ ከመድረክ ወረደና በቀጥታ ሙሜ ፊት ሄደ። የሙዝ ቅጠሉን ፈቶ ጫቱን እግሩ ሥር ዘረጋለት። በኦሮምኛ፣ አያቱ እንደሚያደርጉት አድርጎ፣ ከሰላምታ ጀምሮ፣ ዝናቡን ጠይቆ፣ ከብቱን ጠይቆ፣ «ለጀማል አብዲ ልጅህን ስጠን ብለን መጥተናል» አለ። ከዚያ ሳቁና እልልታው ቀለጠ።

እኔ ከአንሶላው ጀርባ ግማሽ ሰውነቴን አውጥቼ ግፋው፣ ግፋው እያልኩ በሁለት እጄ ምልክት አሳየሁት። ሙሜ አየኝ። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ጎንበስ አለና የራሱን ጫት መረጥ መረጥ አድርጎ፣ አንድ ቀይ ቀንበጥ ቀንጥሶ ወደ አፉ ከተተው። በዚህም አልበቃው፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቀ። ሜዳው ሙሉ ሰው «አሚን!» አለ። አቶ ግርማም አሚን ብሏል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፎዚያ መድረኩ ላይ እንደ ቆመች ዓይኗ ፈጠጠ።

አቶ ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መጨረሻው እንዲህ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አሁን እንዲህ ሆኗል» አልኩት።

በሳምንቱ ሙሜ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋው።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ምን አደረግሽኝ?»

የከድር አያት ሐጂ ዩሱፍ ከገለምሶ መጥተው ነበር። ብቻቸውን አይደለም፤ እውነተኛ ጢም ያላቸው እውነተኛ ሽማግሌዎች ይዘው ነው። ለልጅ ልጄ ልጅህን ሕዝብ ፊት ሰጥተሃል፤ ኒካሑ መቼ ይሁን ነው የሚሉት። ሐጂ የዋህ ሰው አልነበሩም። ድራማ መሆኑን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ግን ከሙሜ ጋር መዛመድ ከድሮም ይፈልጉ ነበር፤ ሜዳ ሙሉ ሰው ምስክር የሆነበት ነገር እጃቸው ላይ ሲወድቅ የሚመልሱ ሰው አይደሉም።

«እኔ እንድትገፋው ነው የጻፍኩት» አልኩት። «እጄን ሳወዛውዝልህ አላየህም?»

«አየሁ። በርታ የምትዪኝ መስሎኝ።»

«ቀልድ ነበር በላቸዋ።»

ገበያ የተጫወተው ያ ልጅ እንዳየኝ አድርጎ አየኝ።

«እትዬ፣ እኔ ፊቱን አይቼው ለማላውቀው ሰው በቃሌ ጫት ጭኜ እልካለሁ። እሱም በቃሉ ይልክልኛል። ሌላ መያዣ የለንም። ሕዝብ ፊት ቅሜ፣ ዱዓ አድርጌ፣ ቀልድ ነበር ካልኩ ነገ ማን መኪና ያቆምልኛል? እሺ ካልኩ ደግሞ ልጄ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው። ሐጂ፣ ምራቴ ጫት ታስራለች እንጂ ደብተር አትሸከምም ብለዋል።»

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?»

«ትማር ነዋ! እኔ ፊርማዬን እንኳ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው።» ወጥቶ ሲሄድ ኮፍያውን ጠረጴዛዬ ላይ ረሳው። ሙሜን ያለ ኮፍያ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በነጋታው ፎዚያ መጣች። አላለቀሰችም። መደርደሪያው አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማ፣

«ቲቸር፣ ጀማልን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እርስዎ ያስተካክሉት።»

ይህን ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። ቀኑን ሙሉ አንድ መጽሐፍ በትክክል ቦታው ላይ አልመለስኩም።

ጉዳዩ ሼህ አልዪ ዘንድ ቀረበ። ሼህ አልዪ በከተማችን ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ወንዶቹ ተቀመጡ። እኔ ለምስክርነት ተጠርቼ በሩ አጠገብ በርጩማ ተሰጠኝ። አንዱ ሽማግሌ ጫት ሊያቀብለኝ ሲል ሌላው፣ «ተው፣ ጴንጤ ናት» አለው። ሻይ አመጡልኝ። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው፤ የመስኮቱ መጋረጃ እየተንቀሳቀሰ ስለነበር ፎዚያ የት እንዳለች አውቄያለሁ።

ሐጂ ዩሱፍ አጭር ነገር ተናገሩ። «ጠየቅን፣ ቃመ፣ መረቀ፣ ሕዝብ አሚን አለ። ሌላ ምን አለ?»

ሙሜ፣ «ጫቱ የእኔ ነበር!» አለ። «የእኔው መደብ፣ የእኔው እስር!»

«ታዲያ የራስህን ጫት ተቀብለህ ልጅህን ሰጠህ?» አሉ ሼህ አልዪ። «ዘንድሮ ይህን ያህል ረከሰ እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ሙሜ ግን አልሳቀም፤ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ሼሁ ሰው ሲያስቁ ጉዳዩን የረሱት መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ቀጥለው ቶፊቅን ጠሩት። ቶፊቅ ያለ ጢሙ ትንሽ ልጅ ነው።

«አንተ ነህ የጠየቅከው?»

«እኔ ነኝ፣ ሼህ።»

«እንዴት ብለህ? እንዳልከው በል።»

ቶፊቅ ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተነሳና ከሰላምታ ጀመረ። ዝናቡን ጠየቀ። ከብቱን ጠየቀ። «አሳጥረው» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። አላሳጠረም። በመጨረሻ፣ «ለጀማል አብዲ ልጅህን ስጠን» አለ።

ሼህ አልዪ እጃቸውን አነሱ። «ለማን?»

«ለጀማል አብዲ።»

«ለከድር አላልክም?»

«አላልኩም። የተጻፈው ጀማል ነው።»

ሐጂ ዩሱፍ፣ «ጀማል ማለት ከድር ነው! እዚያ ኮት ለብሶ ተቀምጦ አልነበረም?» አሉ።

«ሐጂ፣ አንድ አባት ልጁን የሚሰጠው ለተጠራለት ስም ነው» አሉ ሼህ አልዪ። «ወይስ ገለምሶ ውስጥ ለኮት ነው የሚሰጠው?» ወደ ቶፊቅ ዞሩ። «ይህ ጀማል የማን ልጅ ነው?»

ቶፊቅ አሰበ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «የቲቸር ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ አልገልጸውም። አጠገቤ ወንድ ቆሞ አይቶ የማያውቅ ከተማ ነው። ሼህ አልዪ ግን ፊታቸው አልተለወጠም።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ጀማልን እርስዎ ነዎት ያመጡት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ የሚያውቀው ሰው አለ? አባት፣ አጎት?»

«ማንም የለውም። እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ። መቼም ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር።

ሼህ አልዪ ፈረዱ። ሙሜ ቃል ሰጥቷል፤ ቃሉ ይጸናል። ፎዚያ ለጀማል ታጭታለች። ጀማል መጥቶ ኒካሕ እስኪያስር ድረስ ሌላ ሰው አይጠይቃትም። ሙሜ ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ እስከ በሩ ተሰማኝ።

ሐጂ ዩሱፍ በቀላሉ የሚለቁ አልነበሩም። «ጥሩ። ይህ ጀማል የት ነው? በዚህ ወር ካልመጣ ትቷታል ማለት ነው፤ እኛም እንደገና እንጠይቃለን።»

«እናቱ እዚህ አሉ፤ ጠይቋቸው» አሉ ሼህ አልዪ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሻዩን በርጩማው አጠገብ አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ የመስኮቱ መጋረጃ ቀጥ ብሎ ነበር።

«ትምህርት ላይ ነው» አልኩ።

«የት?»

«ሩቅ ነው።»

«መቼ ይጨርሳል?»

«ገና አሁን መጀመሩ ነው። ሳይጨርስ አያገባም። ብዙ መማር ነው የሚፈልገው።»

ሐጂ ዩሱፍ ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። በመጨረሻ ጢማቸው ውስጥ ሳቁና ለሙሜ፣ «ይህች ሴት ጫት ብትነግድ ኖሮ አንተም እኔም ሽንኩርት ነበር የምንሸጠው» አሉት።

ፎዚያ ትምህርቷን ቀጠለች። እያደገች ስትሄድ ከመሰላም፣ ከሌላም አገር ሽማግሌ ይመጣል። ሙሜ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «ታጭታለች። ልጁ እየተማረ ነው» ይላል። መዋሸት የማይወድ ሰው ስለሆነ ይህ በጣም ተመቸው። የማን ልጅ ነው ሲሉት ወደ እኔ ይጠቁማል። አንዳንዶቹ ምን ዓይነት ዘር እንደሆነ ለማየት ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጥተው መጽሐፍ የሚፈልጉ መስለው አይተውኝ ሄደዋል።

ወሬው ቤተ ክርስቲያኔም ደረሰ። ሁለት ሽማግሌዎች ከአምልኮ በኋላ ቤቴ መጡ። ውሃ ጠጡ፣ ስለ ጣሪያ እድሳቱ አወሩ፣ ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«እህት ጥሩነሽ፣ በከተማው ስለ አንድ ልጅ ይወራል» አለኝ።

«አዎ፣ ጀማል ይባላል» አልኩ።

«ጀማል?»

«ጀማል አብዲ።»

ሁለቱ ተያዩ። የትኛው የበለጠ እንዳስደነገጣቸው፣ ልጁ ይሁን ስሙ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ነገሩን ከመጀመሪያው ስነግራቸው አንደኛው እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ሌላው ግን ይጸለይበት አለ። ጸለየበት።

ፎዚያ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ጤና ኮሌጅ ገባች። አዋላጅ ነርስ ሆና ተመለሰች። አንድ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ወደደች፤ እሱም ወደዳት። የልጁ ሽማግሌዎች ሙሜ ቤት ሲመጡ ሙሜ ከልማዱ የተነሳ፣ «ታጭታለች» ብሎ መለሳቸው። ማታ ፎዚያ ያለችውን ነገር እዚህ አልጽፈውም።

እንግዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ሙሜ አሁን ለሌላ ቢሰጣት የድሮውን ቃል ማፍረስ ሊሆን ነው። ሼህ አልዪ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ጭንቅላታቸው ግን አልደከመም። የጠየቃት ወገን በሽማግሌ ፊት ይልቀቃት አሉ። የጠየቃት ወገን ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ መጡ። ወንበር ከጎረቤት ተዋስኩ፣ ዳቦና ለስላሳ አቀረብኩ። ቀልድ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ማንም አልሳቀም። ከልጁ ወገን የመጡ አንድ የመሰላ ሽማግሌ ከናካቴው ታሪኩን አልሰሙም ነበር፤ ጀማል እውነተኛ ሰው መስሏቸዋል። የነገራቸው አልነበረም፤ መንገር ደግሞ የሙሜን ቃል ቀልድ ማድረግ ነው። ፎዚያ ከእኔ ኋላ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«የጀማል እናት» አሉኝ ሼህ አልዪ፣ «ልጅዎ ይህችን ልጅ ይለቃታል?»

«ይለቃታል።»

በዚህ ያበቃል ብዬ ልነሳ ስል የመሰላው ሽማግሌ፣ «በምን ምክንያት?» አሉ። «ይህን ያህል ዓመት አስቀምጧት፣ ምን ነውር አይቶባት ነው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሞተ ብል የሰፈሩ ሴት ሁሉ ለልቅሶ ይመጣብኛል። ሌላ አገባ ብል ሙሜ ተዋረደ። አልፈልጋትም አለ ብል ስሟን አጠፋሁ። ፎዚያ ከኋላዬ ትንፋሿን ይዛ እንደተቀመጠች ይሰማኛል።

«ነውሩ የእሱ ነው» አልኩ። «ፈተና ወደቀ። እሷ ጨረሰች፣ እሱ አልጨረሰም። በምን ዓይኔ አያታለሁ ብሎ አፍሮ ቀረ።»

የመሰላው ሽማግሌ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሌሎቹም ነቀነቁ። በቂ ምክንያት ነው። ዱዓ ተደረገ፤ ፎዚያ ተለቀቀች። ሽማግሌው ሲወጡ እጄን ያዝ አድርገው፣ «አይዞዎት። ወንድ ልጅ አንዳንዱ እንዲህ ነው» አሉኝ። «ይኸው እንግዲህ» አልኳቸው።

ፎዚያ ሁሉም እስኪወጡ ጠብቃ ቀረች። የሆነ ነገር ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይሆንልኝም። የለስላሳ ጠርሙሶቹን ሰበሰበች፣ ብርጭቆውን አጠበች፣ ወንበሮቹን ለጎረቤት መለሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ቲቸር፣ ግን እኮ ሰነፍ አልነበረም» አለችኝ።

«ማን?»

«ጀማል።»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ» አልኳት።

አሁን ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። በሠራሁት አላፍርም። ሰው ሲያወራው አንዳንዴ አርማለሁ፣ አንዳንዴ ዝም እላለሁ፤ ሚኒባሷ ውስጥ ያለችውን ሴት ዝም ነው ያልኳት። የድራማ ዕቅድ የሚያወጣ መምህር ቢጠይቀኝ ለትንንሾቹም ለትልልቆቹም የምመክረው ነገር የለኝም፤ ጫቱን ግን ሳር ያድርገው።

ባለፈው ጤና ጣቢያ ሄጄ አንድ ወጣት ሐኪም ካርዴን እየሞላ፣ «እማማ፣ ልጅ አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«አንድ ነበረኝ» አልኩት። «ትምህርት ሳይሆንለት ቀርቶ አገር ጥሎ ሄደ።»

«አይዞዎት፣ ይመለሳል» አለኝ።

«ኧረ እዚያው ይቅር» አልኩት።